የአንድ ሊትር ኢታኖል ሒሳብ፦ ከሰብል የሚወጣ ነዳጅ ምን ያህል ኃይል እንደሚያተርፍና ምን ያህል እንደሚበክል ለማስላት

አረቄ ሲወጣ በቅርብ ያየ ሰው የዚህን መመሪያ ግማሽ አስቀድሞ ያውቀዋል። በአርሲ ነገሌ ድፍድፉ በእንስራ ሆኖ ምድጃ ላይ ይጣዳል፤ አፉ ይታሸጋል፤ ከአፉ የሚነሳው ቱቦ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠ ዕቃ ይወርዳል፤ እንፋሎቱም እዚያ ቀዝቅዞ ጠብ ጠብ እያለ ይጠራቀማል። የምታወጣው ሴት ከጠብታው ይልቅ ዓይኗን የምትጥለው እሳቱ ላይ ነው፤ ማገዶው ቢያንስ አረቄው ይቆማል፣ ቢበዛ ድፍድፉ ያርራል። ያ ማገዶ ከየት እንደመጣ፣ ስንት ሸክም እንደነደደና ዛፉ መልሶ ይበቅል እንደሆነ የጠየቀ ሰው፣ በቆሎን ወደ መኪና ነዳጅ ስለመለወጥ ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት የተከራከሩበትን ጥያቄ ጠየቀ ማለት ነው። በአረቄውና በነዳጁ ውስጥ ያለው አልኮል አንድ ነው፤ ስሙም ኢታኖል ነው።

ክርክሩ ቀላል አይደለም። ፒመንቴልና ፓትዜክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ስሌት አሜሪካ ውስጥ ከበቆሎ ኢታኖል ለማውጣት የሚወጣው የነዳጅ ኃይል ኢታኖሉ ከሚሰጠው በ29 በመቶ ይበልጣል ብለው ነበር። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 አንድ እጅ ኃይል ገብቶ 1.34 እጅ እንደሚወጣ አስልቷል፤ ኋላ ላይ ባወጣው ሪፖርት ቁጥሩን ወደ 2.1 ከፍ አድርጎታል። የልዩነቱ ዋና ምክንያት ምን ተቆጠረ፣ ምን ተዘለለ፣ የየትኛው ዘመን ፋብሪካስ ተወሰደ የሚለው ነው። ስለዚህ አንባቢው የሌላውን ቁጥር ከመቀበሉ በፊት ሒሳቡን ራሱ በወረቀት ላይ እንዲሠራው እመክራለሁ። የሚያስፈልገው የስልክ ካልኩሌተር ብቻ ነው። ቁጥሮቹን ለልምምድ እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ፤ እውነተኛ ፋብሪካ ሲመረመር በፋብሪካው ቁጥሮች ይተካሉ።

አስቀድሞ መለኪያውንና ድንበሩን መወሰን

ኢታኖልን ከቤንዚን ጋር በሊትር ማወዳደር ስህተት ነው፤ ሲቃጠሉ የሚሰጡት ኃይል እኩል አይደለምና። አንድ ሊትር ኢታኖል ወደ 21.2 ሜጋጁል ኃይል ሲይዝ አንድ ሊትር ቤንዚን ወደ 32 ሜጋጁል ይይዛል፤ ኢታኖሉ ከቤንዚኑ ሁለት ሦስተኛው ነው ማለት ነው። አሜሪካ የሚኖር ባለ ታክሲ በሚቀዳበት ማደያ ላይ «እስከ 10 በመቶ ኢታኖል ይዟል» የሚለውን ጽሑፍ በየቀኑ ያየዋል። የ10 በመቶ ድብልቅ በሊትር የሚይዘው 30.9 ሜጋጁል ያህል ስለሆነ፣ ያው መኪና ያንኑ መንገድ ለመሄድ ከ3 እስከ 4 በመቶ የሚጠጋ ተጨማሪ ነዳጅ ይፈልጋል። ስለዚህ በሁሉም መስመር ላይ የምንጽፈው በሜጋጁል ነው።

ድንበሩ የሚሰመረው ከእርሻው ማሳ አንስቶ ነዳጁ በሞተር ውስጥ እስኪነድ ድረስ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ኢታኖሉ ሲነድ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በስሌቱ ውስጥ ዜሮ ተብሎ ይመዘገባል፤ ተክሉ ያንን ካርቦን ሲያድግ ከአየር ወስዶት ነበርና። በማፍላት ጊዜ፣ ማለትም እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል ሲለውጥ፣ የሚወጣውም እንዲሁ ነው፤ 180 ግራም ግሉኮስ ሲፈላ 92 ግራም ኢታኖልና 88 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፣ የስኳሩ ግማሽ የሚጠጋ ክብደት ወደ አየር ይመለሳል። ይህ ዜሮ የሚጸናው ግን ሰብሉ የበቀለበት መሬት ቀድሞ በራሱ ያን ያህል ካርቦን ይዞ ካልነበረ ብቻ ነው። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እንመለስበታለን፤ የሒሳቡ ከባዱ ክፍል እዚያ ነው።

የእርሻው ወጪ

ምሳሌያችን የአሜሪካ መካከለኛ ምዕራብ የበቆሎ ማሳ ነው። በሄክታር 100 ኩንታል በቆሎ እንገምት፤ እዚያ አገር ይህ እንግዳ ምርት አይደለም። ከአንድ ኪሎ በቆሎ ወደ 0.4 ሊትር ኢታኖል ስለሚወጣ ከሄክታሩ 4,000 ሊትር፣ በኃይል 84,800 ሜጋጁል ይገኛል። በአንድ ዓመት ያ ሄክታር ላይ ከሚያርፈው የፀሐይ ኃይል ጋር ሲነጻጸር ይህ ከአንድ በመቶ አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። የበቆሎ ተክል ፀሐይን ወደ ነዳጅ ለመቀየር የተሻለው መሣሪያ አለመሆኑን ይህ ብቻውን ያሳያል፤ ያም ሆኖ መኪኖቹ ፈሳሽ ነዳጅ ይፈልጋሉና ስሌቱ ይቀጥላል።

ከእርሻው ወጪ ትልቁ ትራክተሩ ይመስላል፤ አይደለም፣ ማዳበሪያው ነው። ለአንድ ሄክታር 150 ኪሎ ናይትሮጅን ተሰጠ እንበል፤ ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ስለሆነ ይህ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ስድስት ተኩል ይሆናል። ናይትሮጅን ከአየር በነጻ የሚገኝ ቢሆንም ከሃይድሮጅን ጋር አጣምሮ አሞኒያ ለማድረግ የተፈጥሮ ጋዝ በብዛት ይነዳል፣ ሃይድሮጅኑም ከዚያው ጋዝ ይወጣል። በኪሎ ናይትሮጅን 50 ሜጋጁል ያህል ብንይዝ 7,500 ሜጋጁል ይመጣል። ለናፍጣው፣ ለፎስፌትና ለፖታሽ፣ ለፀረ አረሙ፣ ለዘሩና እህሉን ለማድረቅ በአንድ ላይ 8,000 ሜጋጁል እንያዝ። ድምሩ 15,500 ሜጋጁል፣ ለ4,000 ሊትር ሲካፈል በአንድ ሊትር ኢታኖል 3.9 ሜጋጁል ነው።

የፋብሪካው ምድጃ

አሁን ወደ እሳቱ ደረስን። በፋብሪካ የፈላው ድፍድፍ ከ12 እስከ 15 በመቶ ያህል አልኮል ብቻ ነው ያለው፤ ቀሪው በአብዛኛው ውሃ ነው። አንድ ሊትር ኢታኖል ለማግኘት ወደ ሰባት ሊትር ድፍድፍ ማሞቅ ያስፈልጋል። ከዚያም ማሞቁ ብቻ አይበቃም፤ አልኮሉ 95 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ውሃውና አልኮሉ አብረው ስለሚተኑ ተራ ማጣራት ከዚያ አያልፍም። መኪና ውስጥ ለመግባት ደግሞ ቀሪው ውሃ መውጣት አለበት፤ ለዚህ ውሃውን ብቻ የሚያስቀር ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ደረቅ ማጣሪያ ይሠራበታል። በመጨረሻም አልኮሉ ከተነነ በኋላ የሚቀረው እርጥብ አተላ ተደርቆ ይሸጣል፤ ይህ ማድረቅ ብቻውን ከፋብሪካው ሙቀት ትልቅ ድርሻ ይወስዳል። ከብቶች በቅርብ ያሉ ፋብሪካዎች አተላውን እርጥቡን ሲሸጡ ቁጥራቸው የሚሻሻለው በዚህ ምክንያት ነው።

የአሁን ዘመን የአሜሪካ ፋብሪካ በተፈጥሮ ጋዝ የሚሠራ ከሆነ በሊትር 7 ሜጋጁል ያህል ሙቀትና 0.2 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ እንደሚጠቀም እንያዝ። የኤሌክትሪኩ ማመንጫ ያቃጠለውን ነዳጅ ጨምረን 2 ሜጋጁል ብንመዘግብ ፋብሪካው 9 ሜጋጁል ይሆናል። በቆሎውን ወደ ፋብሪካና ኢታኖሉን ወደ ማደያ ለማጓጓዝ 0.6 እንጨምር። ከእርሻው 3.9 ጋር ድምሩ 13.5 ሜጋጁል ነው። 21.2ን ለ13.5 ብናካፍል 1.57 ይመጣል። የድሮ ፋብሪካ በሊትር 14 ሜጋጁልና ከዚያ በላይ ይበላ ስለነበር፣ ያው እርሻ ከድሮው ፋብሪካ ጋር ሲጣመር ትርፉ ወደ ዜሮ ይጠጋል። በሁለት ጎራ የነበሩት ተመራማሪዎች የተለያየ ቁጥር ያወጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አተላው የማን ነው?

ጠላ የጠመቀ ቤት አተላውን አይደፋም፤ ለላሟ ወይም ለበሬው ይሰጣል፣ ካልሆነም ጎረቤት ይወስደዋል። የበቆሎ ፋብሪካውም እንደዚያው ነው። 25.4 ኪሎ በሚመዝን አንድ ቡሽል በቆሎ ላይ ፋብሪካው ስታርቹን ወደ አልኮል ሲለውጥ ፕሮቲኑ፣ ዘይቱና ገለባው ይተርፋል፤ ተደርቆ 7 ኪሎ ተኩል ያህል የከብት መኖ ይሆናል። ታዲያ ከ13.5ቱ ሜጋጁል ውስጥ ምን ያህሉ በአተላው ስም ይጻፍ?

መንገዱ ሦስት ነው፤ ወጪውን በክብደት ማካፈል፣ በያዙት ኃይል ማካፈል፣ ወይም አተላው ያስቀረውን የመኖ በቆሎና አኩሪ አተር ለማምረት ይወጣ የነበረውን ኃይል መቀነስ። እኔ የማምነው በሦስተኛው ነው፤ በእርሻው ዓለም በእውነት የሚሆነውን ይከተላልና። በክብደት ማካፈል ለኢታኖል አምራቹ በጣም የሚመች ውጤት ይሰጣል፤ ቁጥር የሚያቀርብ ሰው ስልቱን ካልገለጸ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ መሆን አለበት። በሦስተኛው መንገድ 3 ሜጋጁል ብንቀንስ ወጪው 10.5 ይሆናል፣ ውጤቱም 2 አካባቢ ይደርሳል፤ የግብርና ሚኒስቴሩ የኋለኛ ቁጥርም እዚያው አካባቢ ነው።

የሙቀት አማቂ ጋዞቹ ሒሳብ

ጋዙን ለማስላት የኃይሉን መስመሮች እየተከተልን በእያንዳንዱ ላይ የወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንጽፋለን። ማዳበሪያውን ለማምረት በኪሎ ናይትሮጅን 3 ኪሎ ቢወጣ 450 ኪሎ በሄክታር፣ በሊትር 112 ግራም ነው። ሌላው የእርሻ ወጪ በሊትር 150፣ የፋብሪካው ጋዝና ኤሌክትሪክ በአንድ ላይ 470፣ መጓጓዣው 45 ግራም ገደማ ይሆናል።

በኃይል ሒሳቡ ላይ ጨርሶ ያልነበረ፣ እዚህ ግን ሊዘለል የማይገባው መስመር ናይትረስ ኦክሳይድ ነው። ማሳ ላይ የተበተነው ናይትሮጅን ሁሉ ወደ ሰብሉ አይገባም፤ የተወሰነው በአፈር ባክቴሪያዎች ተለውጦ ወደ አየር ይወጣል፣ አንድ ኪሎውም በመቶ ዓመት ስሌት የ273 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ያህል ያሞቃል። የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ጉባኤ መነሻ አድርጎ የሚሰጠው መጠን ከተጨመረው ናይትሮጅን 1 በመቶ ነው። አሰላሉ እንዲህ ነው፤ 150 ኪሎን በ0.01 ማባዛት፣ የተገኘውን ከናይትሮጅን ወደ ናይትረስ ኦክሳይድ ክብደት ለመለወጥ በ44 አባዝቶ ለ28 ማካፈል፣ ከዚያ በ273 ማባዛት። 643 ኪሎ ይመጣል፣ በሊትር 161 ግራም። ከማሳው የወጣው ሁለት ኪሎ ከግማሽ እንኳ የማይሞላ ጋዝ ሆኖ ሳለ፣ ማዳበሪያው ፋብሪካ ውስጥ ሲመረት ካወጣው ሁሉ በልጦ ተገኘ። ኖቤል ተሸላሚው ኬሚስት ፓውል ክሩትዘንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ዙሮ የሚወጣው ሁሉ ሲደመር ከ3 እስከ 5 በመቶ ይደርሳል ብለዋል፤ እነሱ ያሉት ከሆነ ይህ መስመር ብቻውን ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ ያድጋል።

ድምራችን በሊትር 940 ግራም ያህል፣ በሜጋጁል 44 ግራም ነው። በማሳው ላይ ከቀረው አገዳ የሚወጣው ናይትረስ ኦክሳይድ ሲጨመርና የአተላው ድርሻ ሲቀነስ ብዙ ስለማይርቅ 45 ብለን እንያዘው። ቤንዚን ከጉድጓዱ እስከ ጭስ ማውጫው በሜጋጁል 93 ግራም ገደማ ነው። ኢታኖሉ የቤንዚኑን ግማሽ ያህል በከለ ማለት ነው። የአሜሪካው አርጎን ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 የደረሱበት ቁጥርም ከዚህ አይርቅም፤ ከቤንዚን ከ44 እስከ 52 በመቶ ያነሰ ነው ብለዋል። ብዙ ጽሑፎች እዚህ ላይ ይቆማሉ። አንባቢዬ እንዳይቆም አደራ እላለሁ።

መሬቱ ቀድሞ ምን ነበረ?

ለኢታኖል የተወሰደው በቆሎ ቀድሞ መኖ ወይም ምግብ ነበር። ዋጋው ሲጨምር አንድ ቦታ ላይ ያለ ገበሬ የግጦሽ መሬት ያርሳል፣ ወይም ደን ይመነጥራል፤ በሣሩ ሥርና በአፈሩ ውስጥ ለዘመናት የተከማቸው ካርቦን በጥቂት ዓመታት ወደ አየር ይወጣል። ይህ እንደ ዕዳ ይቆጠራል፤ በየዓመቱ ከሚቆጠበው ይከፈላል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ከ93 ላይ 45 ሲቀነስ 48 ግራም ይቀራል፤ በ84,800 ሜጋጁል ሲባዛ በሄክታር በዓመት 4 ቶን ያህል ቁጠባ ነው። የታረሰው የሣር መሬት በሄክታር 120 ቶን ለቀቀ ብንል 120ን ለ4 ማካፈል ነው፤ ሠላሳ ዓመት። እስከዚያ ድረስ ኢታኖሉ ከቤንዚን የባሰ ነው። ቁጠባው 4 ቶን ሳይሆን 1.2 ቶን ከሆነ ደግሞ ያው ዕዳ መቶ ዓመት ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ አንድ ጥናት የአሜሪካን የሣር መሬት ለበቆሎ ኢታኖል ማረስ 93 ዓመት፣ የብራዚልን ሴራዶ (ዛፍ የተበታተነበት የሣር ምድር) ለሸንኮራ አገዳ ማረስ ደግሞ 17 ዓመት ዕዳ እንዳለበት ማሳየቱ ከዚህ አሰላል ጋር የተያያዘ ነው። በዚያው ዓመት ቲሞቲ ሰርቺንገርና ባልደረቦቹ ሌላ አገር ያለ ገበሬ የሚያርሰውንም ቆጥረው፣ የበቆሎ ኢታኖል በ30 ዓመት ውስጥ ከቤንዚን እጥፍ በሚጠጋ መጠን ይበክላል ብለው ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር እንዲደባለቅ በሚያዘው የአሜሪካ የነዳጅ ሕግ ምክንያት የታረሰው መሬት ሲቆጠር ኢታኖሉ ከቤንዚን እንደማያንስ፣ ምናልባትም ቢያንስ በ24 በመቶ እንደሚበልጥ አሳየ። በአርጎንና በዚህ ጥናት መካከል ያለው ርቀት በአብዛኛው የመሬት ጉዳይ ነው። ሕጉ ራሱ አዲስ የሚሠሩ የበቆሎ ኢታኖል ፋብሪካዎች ከቤንዚን ቢያንስ በ20 በመቶ እንዲያንሱ የሚያዝ መሆኑን ስናስታውስ፣ ይህ አንድ መስመር ምን ያህል እንደሚመዝን ይገባል። በእኔ እምነት የመሬቱን መስመር ባዶ የተወ ስሌት ያልተጠናቀቀ ስሌት ነው።

ከበቆሎ ወደ ሸንኮራ አገዳና ሞላሰስ

ሸንኮራ አገዳ ማገዶውን በራሱ ይዞ ይመጣል። ጭማቂው ከወጣ በኋላ የሚቀረው ባጋስ በቦይለር ነዶ ፋብሪካውን ያንቀሳቅሳል፣ ትርፍ ኤሌክትሪክም ያመነጫል። የብራዚል ኢታኖል አንድ እጅ የነዳጅ ኃይል ገብቶ ስምንትና ዘጠኝ እጅ ይሰጣል የሚባለው ለዚህ ነው፤ ባጋሱ የሚነድ ኃይል ቢሆንም ከምድር የተቆፈረ ነዳጅ ስላልሆነ በወጪው ዓምድ አይጻፍም። የአርሲ ነገሌው ማገዶ ግን እንዲሁ ሊታለፍ አይችልም፤ የተቆረጠው ዛፍ መልሶ ካልበቀለ ካርቦኑ በወጪ ይመዘገባል።

በኢትዮጵያ ፊንጫና መተሐራ ኢታኖል የሚያወጡት ከሞላሰስ፣ ማለትም ስኳሩ ከተወሰደ በኋላ ከሚቀረው ጥቁር ፈሳሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 አዲስ አበባ ላይ በ5 በመቶ መደባለቅ ተጀምሮ በኋላ 10 በመቶ ደረሰ። መሬቱ የታረሰው ለስኳር ስለሆነ የመሬቱ ዕዳ በአብዛኛው በስኳሩ ስም ይጻፋል፤ ይሁንና ሞላሰሱ ቀድሞ የከብት መኖ ከነበረ መኖው በምን እንደተተካ መጠየቅ ግድ ነው። ኢታኖሉ ምን እንደተካም እንዲሁ። በጅግጅጋ አቅራቢያ በቀብሪበያህ የስደተኞች መጠለያ ኢታኖል ለምግብ ማብሰያ ምድጃ ውሏል፤ እዚያ ማነጻጸሪያው 93 ግራም ሳይሆን የቀረው የማገዶ እንጨት ይሆናል።

በሞላሰስ ላይ ከሁሉ ይልቅ መታየት ያለበት የፋብሪካው ፍሳሽ የሚጠራቀምበት ኩሬ ነው። አንድ ሊትር ኢታኖል ሲወጣ ከ10 እስከ 15 ሊትር ትኩስ፣ ጥቁር ቡናማ፣ የሚሸት ፍሳሽ ይቀራል። ፍሳሹ ክፍት ኩሬ ውስጥ ሲቀመጥ አየር በማይደርስበት የታችኛው ክፍሉ ሚቴን ይፈጠራል። 12 ሊትር እንውሰድ፤ በሊትር 100 ግራም ኦክስጅን የሚፈልግ ብክለት ቢይዝ 1.2 ኪሎ ነው። እያንዳንዱ ኪሎ ቢበዛ 0.25 ኪሎ ሚቴን ስለሚሰጥ 0.3 ኪሎ እንላለን። ኩሬው ጥልቀት የሌለው ከሆነ የዚህ 20 በመቶ፣ ጥልቅ ከሆነ ደግሞ 80 በመቶ በእርግጥ ሚቴን ይሆናል ተብሎ ይያዛል። ሚቴን በመቶ ዓመት ስሌት 27 እጥፍ ስለሚያሞቅ የመጀመሪያው 1.6፣ ሁለተኛው 6.5 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ነው። በሌላ በኩል አንድ ሊትር ኢታኖል የሚተካው ቤንዚን ብክለት 21.2 ሲባዛ በ93፣ ወደ 2 ኪሎ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥልቀት የሌለው ኩሬ አብዛኛውን ቁጠባ ይበላዋል፤ ጥልቁ ኩሬ ደግሞ ቤንዚኑ ሊያወጣ ከነበረው ሦስት እጥፍ ይለቃል። እርሻው፣ ማዳበሪያውና ቦይለሩ የቱንም ያህል ቢሻሻሉ ይህንን አይሸፍኑትም።

ያው ፍሳሽ በተከደነ ጋን ውስጥ ገብቶ ጋዙ ከተያዘ ግን መስመሩ ይገለበጣል፤ ባዮጋዙ ቦይለሩን ያነዳል፣ ከጋኑ የሚወጣው ውሃም ፖታሽ ስላለበት በልኩ ወደ አገዳው ማሳ ይመለሳል። እንግዲህ የሞላሰስ ኢታኖል ፋብሪካ ለመጎብኘት ዕድል ያገኘ ሰው የማጣሪያውን ማማ አይቶ ከመመለስ ይልቅ ፍሳሹ የሚሄድበትን ቦይ እስከ መጨረሻው ይከተል፤ ኩሬው የተከደነ ወይም ክፍት መሆኑን፣ ጥልቀቱን በሜትር፣ ፍሳሹ በውስጡ የሚቆይበትን ቀን ብዛት፣ በላዩም አረፋ ይነሳ እንደሆነ ይመዝግብ፤ ከዚያም 0.2 ወይስ 0.8 እንደሚወስድ ወስኖ የመጨረሻውን መስመር ይጻፍ።